«ወንድም» ስለሚለው ቃል አመጣጥና ስለ ጌታ ወንድሞች

በየቀኑ ከአፋችን የማይለዩ፥ ነገር ግን መዝነን የማናውቃቸው ቃላት አሉ። አባት፥ እናት፥ ወንድም፥ እኅት የሚሉት ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። በእናታችን ጭን ላይ ሆነን የተማርናቸው ስለ ሆኑ መምህር አልፈለግንባቸውም፤ ፈጽመን የምናውቃቸውም ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ከአንዱ ቃል የተነሣ ብዙ ሰው በሃይማኖቱ ሲናወጥ አይተናልና ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ቃሉም ወንድም የሚለው ነው።

የጽሑፋችን መነሻ ይህ ነው። በጾመ ፍልሰታ የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ለሕዝቡ ስናሰማ፥ ስለ እመቤታችን ዘለዓለማዊ ድንግልና ተናግረን እንደ ጨረስን አንድ ወጣት ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ወንጌሉ ግን የጌታን ወንድሞች በስም ይቈጥራቸዋል፤ እንግዲያ ወንድሞቹ ከወዴት መጡ?» ብሎ ጠየቀን። ነገሩ በሕዝብ ፊት ስለ ተነገረ እንደ ድፍረት ቈጠርነውና፥ «ዝም በል፤ ይህ የመናፍቃን ጥያቄ ነው» ብለን አስቀመጥነው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሣልስቱም አልመጣም። ሱባዔው እስኪፈጸም ድረስ ስፍራው ባዶ ሆኖ ባየነው ጊዜ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ኅሊናችን መሰከረብን። መናፍቃን የጠየቁትን ሁሉ የሚጠይቅ መናፍቅ አይደለምና። ይህንም ጥያቄ ከእኛ የሚበልጡት አበው መጽሐፍ ጽፈው መለሱት እንጂ ጠያቂውን ዝም በል ብለው አላለፉትም።

የቃሉን ነገር ከግዕዝ እንጀምር። በግዕዝ ወንድም እኁ ይባላል፤ ሲበዛ አኀው ይሆናል። እኅትም እኅት ትባላለች፤ ስትበዛ አኃት ትሆናለች። ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ባዶውን ለወንድ ሲነገር ሌላው የሴት ምልክት የሆነችውን ት ጨምሮ ለሴት ይነገራል። ይህም ሥር የግዕዝ ብቻ አይደለም። ዕብራይስጡ አሕ፥ ሱርስቱ አሓ፥ ዓረብኛውም አኅ ይለዋል፤ በጥንት ዘመን በባቢሎንና በአሦር ይነገር የነበረው አካድኛም አኁ ይለው ነበር። ትግርኛ ሓው ሲል ያንኑ የአባቱን ቤት ቃል እንደ ጠበቀ ያስታውቃል።

አማርኛ ግን የሚያስደንቅ ነገር አድርጓል። እኅትን ከነመልኳ ሲጠብቅ እኁን ተወው፤ በስፍራውም ወንድም አለ። እኅት በአማርኛ ከመጽሐፍም አልፋ በየቤቱ ሥር ሰድዳለች፤ ልጆች ታላቅ እኅታቸውን እትዬ ሲሉ፥ ባልንጀራም ባልንጀራዋን እቴ ስትል የምትሰማው ያቺው የግዕዟ እኅት ናት፤ ኅ ከአፍ እየወደቀ እት ሆና ቀረች እንጂ። ወንድም በሚለው ቃል ውስጥ ግን ወንድ የሚለው ስም ጎልቶ ይታያል፤ ከእኁ ቤት የመጣ አይደለም። እንግዲህ አማራው እኅቱን በጥንቱ ስም፥ ወንድሙን በሌላ ስም ይጠራል። የቅኔ ተማሪዎች ይህን ቢያስተውሉት ለቅኔያቸው መልካም ምሥጢር ይሆናቸው ነበር።

በጽርእ ደግሞ ወንድም አዴልፎስ ይባላል። ዴልፊስ ማለት ማኅፀን ነውና አዴልፎስ በአመጣጡ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ማለት ነው። ወንጌል የተጻፈበት ቃል ይህ ስለ ሆነ አንዳንዶች በዚህ ይመካሉ፤ «ቃሉ ራሱ ማኅፀንን ይጠራል፤ ስለዚህ የጌታ ወንድሞች ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው» ይላሉ። ነገር ግን የቃል ሥር ሌላ፥ የቃል ሥራ ሌላ ነው። ሥሩን የሚያውቅ የቃሉን ልደት ያውቃል፤ ሥራውን የሚያውቅ ግን ኑሮውን ያውቃል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ፥ በቆሮንቶስ፥ በገላትያ ያሉትን ምእመናን ሁሉ የሚጠራው በዚሁ በአዴልፎስ ነው፤ ሁሉም ከአንዲት ሴት ማኅፀን ወጡ የሚል ሰው የለም። ለእኛም ካህናቱን አባ ስንላቸው ወለዱን ማለታችን አይደለም።

እንግዲህ ሥራውን እንመልከት፤ ከሩቅ አገርም በፊት ከራሳችን ቤት እንነሣ። በገጠር አገራችን ወንድም የሚለው ቃል ለማን ይነገራል ቢሉ፥ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ለተወለደው ይነገራል፤ በአባት አንድ ሆኖ በእናት ለተለየው፥ በእናት አንድ ሆኖ በአባት ለተለየው ይነገራል፤ ለአጎት ልጅ፥ ለአክስት ልጅ ይነገራል፤ በእንጀራ እናት ቤት አብሮ ላደገው፥ በጡት ልጅነት ለገባው፥ በማኅበር ጽዋ አብሮ ለሚጠጣው፥ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ለተገኘው ለማይታወቀው መንገደኛ ሳይቀር ይነገራል። በልቅሶ ቤት አንድ ሰው ደረቱን እየመታ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲያለቅስ ብትሰማ፥ ሟቹ የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ዋሸ የሚለውም የለም። የአጎት ልጅ የሚለው አነጋገር አማርኛ አጥቶት አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ዝምድናን ለማስረዳት የሚነገር ገለጻ እንጂ ሰውን ለመጥራት የሚሆን ስም አይደለም። «የአጎቴ ልጅ ሆይ፥ ና እራት እንብላ» የሚል ሰው አልሰማንም።

ይህም ልማድ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት አለበት። ሽማግሎች ለጋብቻ ሲቀመጡ ቤት ይቈጥራሉ፤ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። እነዚያ የማይጋቡት ወንዱና ሴቲቱ ወንድምና እኅት ናችሁ ይባላሉ። እንግዲህ የአጎት ልጅ ወንድም መባሉ ስለ ፍቅር የተነገረ ማቈላመጫ አይደለም፤ ሕግ የታሠረበት፥ ድንበር የተተከለበት ቃል ነው። የቃሉ መስፈሪያ ማኅፀን ሳይሆን ቤት መሆኑን ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

ታዲያ ይህን መስፈሪያ የማያውቅ ሰው ቃሉን ቢሰማ ምን ይሆናል? በዚህ ነገር አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ከምናውቃቸው ምእመናን አንዱ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት በአጎቱ ቤት ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንድ መሶብ እየበላ፥ በአንድ ጋቢ እየተኛ አደገ። ኑሮው ከተደላደለ በኋላ ያንን አብሮ አደጉን ወደ እርሱ ለማምጣት ማመልከቻ ሲጽፍ ዝምድና በሚለው ስፍራ ወንድሜ ብሎ ሞላ። መሥሪያ ቤቱም የሁለቱን የአባትና የእናት ስም አመሳክሮ የተለያየ ሆኖ ስላገኘው ሐሰት ጽፈሃል ብሎ ጉዳዩን መለሰበት። ሰውየውም፥ «አባቴ፥ ስሙን ከማወቄ በፊት ወንድሜ መሆኑን ያወቅሁትን ሰው ወንድሜ ብል ዋሽቻለሁን?» ብሎ በብዙ ኀዘን ጻፈልን።

እኛም የመለስንለት ይህን ነው። በልብህ አልዋሸህም፤ በአባቶችህም ቋንቋ አልዋሸህም። ነገር ግን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የሚጽፍ በባለ መዝገቡ መስፈሪያ መስፈር ይገባዋልና ማመልከቻህን የአጎቴ ልጅ ብለህ አቅና አልነው። ደብዳቤውን ስናጥፍ ግን ያ የፍልሰታው ወጣት ትዝ አለን። በዚህ ሰው ላይ የደረሰው በወንጌል ላይ የሚደርሰው ነውና። መሥሪያ ቤቱ ወንድም የሚለውን ቃል በራሱ መስፈሪያ ሰፍሮ ሰውየውን ሐሰተኛ አደረገው፤ ጠያቂዎቻችንም የናዝሬትን ሰዎች ቃል በእንግዳ መስፈሪያ እየሰፈሩ ድንግልን ብዙ ልጆች የወለደች ያደርጓታል።

የቅዱሳት መጻሕፍት ሰዎች መስፈሪያ ምን እንደ ነበረ መጻሕፍቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ታራ አብራምን፥ ናኮርንና ሐራንን ወለደ፤ ሐራንም ሎጥን ወለደ (ዘፍ. 11፥27)። እንግዲህ ሎጥ ለአብርሃም የወንድም ልጅ ነው። ነገር ግን እረኞቻቸው በተጣሉ ጊዜ አብርሃም ሎጥን፥ ወንድማማች ነንና በመካከላችን ጠብ አይሁን አለው (ዘፍ. 13፥8)። ላባ የርብቃ ወንድም፥ ለያዕቆብም አጎቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንድሜ ስለ ሆንህ በከንቱ ልታገለግለኝ አይገባም ይለዋል (ዘፍ. 29፥15)። ናዳብና አብዩድ በእሳት በሞቱ ጊዜ ሙሴ የዑዝኤልን ልጆች ሚሳኤልንና ኤልጻፋንን ጠርቶ ወንድሞቻችሁን ከመቅደሱ ፊት አንሡ አላቸው (ዘሌ. 10፥4)። ዑዝኤል ግን ለአሮን አጎት ነበር፤ ስለዚህ እነዚያ ሁለቱ ለሟቾቹ የአባታቸው የአጎት ልጆች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጠራልን በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ያለው ነው (1ዜና መዋ. 23፥21-22)። መሐሊ አልዓዛርንና ቂስን ወለደ። አልዓዛር ወንዶች ልጆች ሳይወልድ፥ ሴቶች ልጆች ብቻ ትቶ ሞተ፤ እነዚያንም ሴቶች ወንድሞቻቸው የቂስ ልጆች አገቧቸው ይላል። ወንድም ማለት ከአንድ ማኅፀን የወጣ ብቻ ቢሆን ይህ ንባብ ኦሪት የከለከለችውን ነውር የሚያወራ በሆነ ነበር። ወንድሞቻቸው የተባሉት ግን በዚያው ስፍራ የቂስ ልጆች ተብለው ተፈትተዋል፤ የአጎት ልጆች ናቸውና። ከዘመድም ውጭ ቃሉ ይሄዳል፤ የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ሰሎሞንን ወንድሜ ይለዋል (1ነገ. 9፥13)፤ ዳዊትም ለዮናታን እንዲሁ ብሎ አልቅሶለታል።

ከዚህ ላይ አንባቢያችን፥ «እንግዲያ የእናትን ልጅ ለይተው መናገር ሲፈልጉ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው መልካም ነው፤ የነገሩም ቍልፍ ያለው በዚህ ነው። እኛ በአገራችን ነገሩን ማጥበቅ በፈለግን ጊዜ የእናቴ ልጅ እንላለን። ዕብራውያንም እንዲሁ ይሉ ነበር። ዮሴፍ በግብፅ ብንያምን ባየው ጊዜ መጽሐፍ ወንድሙ ብሎ አይበቃውም፤ የእናቱን ልጅ ብሎ ይጨምራል (ዘፍ. 43፥29)፤ ሌሎቹ ዐሥሩም ወንድሞቹ ነበሩና። ጌዴዎን የተገደሉበትን ሰዎች ወንድሞቼ ካለ በኋላ የእናቴ ልጆች ብሎ አጥብቆ ይናገራል (መሳ. 8፥19)። ሙሴም በዘዳግም ወደ ጣዖት ስለሚያስት ወንድም ሲናገር የእናትህ ልጅ የሚል ቃል ያክልበታል (ዘዳ. 13፥6)። ወንድም የሚለው ቃል ብቻውን ማኅፀንን የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭማሪ ባላስፈለገም ነበር።

አሁን ይህን ቍልፍ ይዘን ወደ ወንጌል እንግባ። የናዝሬት ሰዎች ጌታን በምኵራብ ሲሰሙት ተደንቀው ዘመዶቹን ቈጠሩ፤ ወንድሞቹም ያዕቆብ፥ ዮሳ፥ ይሁዳና ስምዖን ተባሉ (ማር. 6፥3፤ ማቴ. 13፥55)። በዚያው ንባብ የማርያም ልጅ የተባለው ግን ጌታ ብቻ ነው። እነዚያን አራቱን የማርያም ልጆች የሚል፥ የእናቱ ልጆች የሚል አንድም ስፍራ በአራቱ ወንጌላት አይገኝም። ከዕርገት በኋላም ቅዱስ ሉቃስ በጸሎት የተጉትን ሲቈጥር የኢየሱስን እናት ማርያምንና ወንድሞቹን ለይቶ ይጠራል (የሐዋ. 1፥14)፤ ማርያምና ልጆቿ ለማለት ምን ይከለክለው ነበር?

ይልቁንም ዮሳና ያዕቆብ የተባሉት ልጆች እናት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። በስቅለቱ ጊዜ ከሩቅ ቆመው ከተመለከቱት ሴቶች አንዲቱ የያዕቆብና የዮሳ እናት ማርያም ናት (ማቴ. 27፥56፤ ማር. 15፥40)፤ እመቤታችን ብትሆን ኖሮ ወንጌላዊው የጌታን እናት በዚህ ስም ባልጠራት ነበር። በዚያችም ሰዓት ጌታ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ ለዮሐንስ ሰጠ፤ ዮሐንስም ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። ከማኅፀኗ የወጡ ሌሎች አራት ወንዶች ልጆች ቢኖሯት እናትን ከልጆቿ እጅ አውጥቶ ለባዕድ መስጠት በየትኛው አገር ሥርዓት ነው? በአገራችን ቢሆን ይህ ለልጆቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስድብ በሆነባቸው ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ወንድሞች የማን ልጆች ናቸው ቢሉ፥ የአበው ትርጓሜ በሁለት መንገድ ይሄዳል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስ የዮሴፍ ልጆች ናቸው፤ ዮሴፍ እመቤታችንን ለመጠበቅ ሳይታጭላት አስቀድሞ ከሞተችበት ሚስቱ የወለዳቸው ናቸው ይላል። ይህም ትርጓሜ ከእርሱ በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው የያዕቆብ ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ይገኛል። በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት በሮሜ ሄልቪዲዮስ የሚባል ሰው ተነሥቶ እመቤታችን ከጌታ በኋላ ከዮሴፍ ልጆች ወልዳለች ብሎ በጻፈ ጊዜ፥ ሄሮኒሞስ በ383 ዓ.ም. ገደማ መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት፤ እርሱም የእናቱ ዘመድ ልጆች ናቸው በሚለው መንገድ ተረጐመ። አንድም የዮሴፍ ልጆች፥ አንድም የዘመድ ልጆች፤ ሁለቱም መንገዶች ከአንድ በር ይገናኛሉ፤ ያች በር ሕዝቅኤል ተዘግታ ያያት ናት (ሕዝ. 44፥2)።

በቤተ ክርስቲያናችን በሰፊው የሚነገረው የመጀመሪያው ነው፤ ለእኛም የሚቀልለን ይህ ነው። ምክንያቱም ወንጌሉ ራሱ ምሳሌውን ሰጥቶናል። ጌታን በመቅደስ ባገኙት ጊዜ እመቤታችን አባትህና እኔ ስንፈልግህ ነበር አለችው (ሉቃ. 2፥48)። ዮሴፍን አባት ያለችው ከማንም ይልቅ እርሷ አለመውለዱን እያወቀች ነው። ያልወለደው ዮሴፍ አባት ከተባለ፥ የዮሴፍ ልጆች ወንድሞች ቢባሉ ምን ያስደንቃል? አባት የሚለውን ቃል በቤት መስፈሪያ ተቀብሎ ወንድም የሚለውን በማኅፀን መስፈሪያ የሚሰፍር ሰው በአንድ ቁና አልሰፈረም።

የተማሩት ጠያቂዎች ግን አንድ የሚከብድ ነገር ያነሣሉና ልናልፈው አይገባም። «በዕብራይስጥ ለአጎት ልጅ የሚሆን ስም ባይኖርም በጽርእ አለ፤ አኔፕሲዮስ ይባላል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ማርቆስን ለበርናባስ አኔፕሲዮስ ብሎታል (ቈላ. 4፥10)። ወንጌላውያን ስለ ምን ይህን አልወሰዱም?» ይላሉ። መልሱ እንዲህ ነው። ጳውሎስ ማርቆስን ለማያውቁት ለቈላስይስ ሰዎች ዝምድናውን እያስረዳ ነው፤ ማመልከቻ እንደሚሞላ ሰው በባለ መዝገቡ መስፈሪያ ይናገራል። ወንጌላውያን ግን የናዝሬት ሰዎች በአራማይስጥ የተናገሩትን፥ በኢየሩሳሌምም ቤተ ክርስቲያን የያዕቆብ መጠሪያ ሆኖ የጸናውን ስም ነው ወደ ጽርእ ያገቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሰብዓ ሊቃናት አስቀድመው አሳይተዋል፤ ከጌታ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ኦሪትን ወደ ጽርእ ሲመልሱ፥ አብርሃም ለሎጥ፥ ላባም ለያዕቆብ የተናገሩትን በአዴልፎስ መለሱት። የዮሴፍ ልጆች ናቸው ለሚለው ትርጓሜማ ይህ ጥያቄ አይነካውም፤ የእንጀራ ወንድም አኔፕሲዮስ አይባልምና።

«በኵር» እና «እስከ» ስለሚሉት ቃላት የሚነሣውን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። ለአሁኑ ይህን ያህል ይበቃል፤ በኵር የሚባለው ማኅፀን የከፈተ ነው እንጂ ተከታይ ያለው ማለት አይደለም (ዘፀ. 13፥2)፤ የሳኦል ልጅ ሜልኮልም እስከ ሞተችበት ቀን ልጅ አልወለደችም ተብሎ ተጽፏል (2ሳሙ. 6፥23)፤ ከሞተች በኋላ ወለደች የሚል ግን የለም።

ስለ ራሳችን ዘመን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በከተማ የሚያድጉ ልጆች፥ ይልቁንም በውጭ አገር የተወለዱት፥ የአጎታቸውን ልጅ ካዝን ሲሉ እንሰማለን። ከባዕድ ቋንቋ ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ አባቶቻችንም ከጽርእ፥ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ብዙ ተውሰዋል። ነገር ግን ይህ ቃል ባዶ ስፍራ አግኝቶ አልገባም፤ ወንድምን ከስፍራው አስነሥቶ ተቀመጠ እንጂ። ወንድሙ የታመመበት ሰው ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ወንድሙ የሞተበት ሰው ልጆቹን ያሳድጋል፤ ካዝኑ የታመመበት ግን በስልክ ይጠይቃል። ቃሉ ሲጠብብ ዕዳውም አብሮ ይጠብባል። አሁን ጠያቂ የሆኑብን ወጣቶችም የወንጌሉ ንባብ የከበዳቸው ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ አያቶቻቸው ሳይማሩ ያውቁት የነበረውን መስፈሪያ ስላላወረስናቸው ነው።

ወደ ጌታችንም ቃል ስንመለስ፥ ደቀ መዛሙርቱን በምን በምን ስም እንደ ጠራቸው መመልከት ያስደንቃል። ባሮች መባል ይገባቸው ነበር። በመጨረሻዪቱ ማታ ከእንግዲህ ወዲህ ባሮች አልላችሁም፤ ወዳጆች ብያችኋለሁ አላቸው (ዮሐ. 15፥15)። ያችን ሌሊት እነዚያ ወዳጆች ጥለውት ሸሹ፤ አንዱም ሦስት ጊዜ ካደው። እንዲህ ካደረጉ በኋላ ከወዳጅ ወደ ባዳ ይወርዳሉ ሲባል፥ ከሙታን ተለይቶ በተነሣባት ዕለት ለመግደላዊት ማርያም ወደ ወንድሞቼ ሂጂና ንገሪያቸው አላት (ዮሐ. 20፥17፤ ማቴ. 28፥10)። አስቀድሞ የአባቴን ፈቃድ የሚያደርግ ሁሉ ወንድሜ ነው ብሎ ነበር (ማቴ. 12፥50)፤ አሁን ግን ፈቃዱን ሳያደርጉ የተገኙትን በዚያ ስም ላከባቸው። ሐዋርያው ወንድሞች ብሎ ሊጠራቸው አያፍርም ያለውም ስለዚህ ነው (ዕብ. 2፥11)፤ የሚያሳፍሩ መሆናቸውን ማወቁ ነው። በገዳማት መነኮሳት እርስ በርሳቸው አኀው መባላቸው ከዚህ የተገኘ ነው፤ ከአባት ከእናታቸው ቤት የወጡት ሌላ ቤት ስላገኙ ነው።

ይህን ሁሉ ለራሳችን ካነበብን በኋላ ያን ወጣት ዝም ብለን መተው አልቻልንም። አብሮት ከሚማር አንድ ዲያቆን ጋር፥ «ወንድሜ ሆይ፥ በመለስሁልህ ቃል በድያለሁና ና» ብለን ላክንበት። በሦስተኛው እሑድ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ተቀምጠን ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ንባቡን እየገለጥን አሳየነው፤ እርሱም በጽሞና ሰማ። ከጨረስን በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የኔታ፥ አንድ ነገር ልጨምር። ይሁዳ መልእክቱን ሲጀምር የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ፥ የያዕቆብም ወንድም ብሎ ራሱን ይጠራል። የጌታ ወንድም ከሆነ ስለ ምን የጌታ ወንድም ነኝ አላለም?» አለን።

በዚህ ጊዜ አልተቈጣንም። መጽሐፉን ተቀብለን የያዕቆብንም መልእክት መጀመሪያ ገለጥንለት። ያዕቆብ የኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ጳውሎስም የጌታ ወንድም ያዕቆብ ብሎ መስክሮለታል (ገላ. 1፥19)፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሐምሌ 18 ቀን በዚሁ ስም ታከብረዋለች። እርሱ ግን በገዛ እጁ የጻፈው ባሪያ ብሎ ነው። ከአንድ ቤት አብረውት ያደጉት፥ ሰው ሁሉ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሁለቱ ሰዎች፥ ስሙን ለራሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፉትም። ልጁም ሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን ይዞ ደጋግሞ ሲያነብ ቆየ።